የደም ሥር አይረሳም

ድሬዳዋ ውስጥ «እከሌን ስትሮክ መታው» ሲባል ሁለት አስተያየት ወዲያው ይከተላል። አንዱ «ቅባት ይወድ ነበር» ይላል። ሌላው «የዘር ነው፤ አባቱም በዚሁ ነው የሄዱት» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። «ዘሬ ነው» ብሎ የተቀበለ ሰው ክኒኑን በየቀኑ የሚውጥበት ምክንያት አይታየውም። ሲጋራውን የሚተውበትም እንዲሁ። ብትመክሩት «አቦ ተወኝ፣ እኛ ቤት እንዲህ ነው» ይላችኋል።

ቅባቱም ዘሩም ድርሻ አላቸው፤ አልክድም። በሁለቱ መካከል ግን ብዙ የማይወራለት ነገር አለ። ኑሯችን ጂናችንን ራሱን ሳይቀይር የጂናችንን አሠራር ይቀይራል። ለውጡም ቶሎ አይጠፋም። ይህን የሚያጠናው ሳይንስ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኮንራድ ዋዲንግተን ነው።

መጀመሪያ ግን የደም ሥሩን ራሱን እንወቀው።

ብዙ ሰው ስብ ከውስጥ በኩል እየተለጠፈ ደም ሥሩን የሚያጠብበው ይመስለዋል። እንዲያ ቀላል አይደለም። ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ሥር፣ ትምህርት ቤት «ደም ቅዳ» ብለን የተማርነው፣ ግድግዳው ሕይወት አለው። ከደሙ ጋር የሚነካካው የውስጠኛው ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ነው። ኢንዶቴሊየም ይሉታል። ቀጭን ነው ብላችሁ አትናቁት። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመነጨ ደም ሥሩን ዘና ያደርጋል። ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ ይከላከላል። ነጭ የደም ሴሎችም ያለ ጉዳይ መጥተው እንዳይጣበቁ ያደርጋል። የዚህን ጋዝ ሥራ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ከሽፋኑ ቀጥሎ ጡንቻና የሚለጠጡ ክሮች አሉ። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። ክሮቹም በየምቱ ይለጠጣሉ፣ ይመለሳሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት ሽፋኑን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ሲቀር ነው። እዚያው ይበላሻል። ሽፋኑ ይቆጣና ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል። እነሱም ገብተው የተበላሸውን ቅባት ይበላሉ። ሲበሉ ሲበሉ በስብ ተወጥረው እዚያው ይሞታሉ። የጡንቻ ሴሎች ከቦታቸው ተነስተው በላዩ ክዳን ይሠሩበታል። ካልሲየም ይከማቻል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግድግዳው ውስጥ ነው። 20 እና 30 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን ክዳኑ ሲሰነጠቅ ደም ላዩ ላይ ይረጋል። የረጋው ደም የልብን ሥር ከዘጋ ሃርት አታክ ነው። የአንጎልን ከዘጋ ስትሮክ።

ከዚህ ጎን ለጎን ደም ሥሩ የሚደርቅበት ሌላ መንገድ አለ። ዕድሜ ሲገፋ የሚለጠጡት ክሮች ይበጣጠሳሉ። በምትካቸው ኮላጅን የሚባል ግትር ክር ይበዛል። ይህን ግፊት መለኪያው ላይ ታዩታላችሁ። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች ሲለኩ 160 በ70 የሚል ቁጥር ይወጣል። ቤተሰቡ «የታችኛው ደህና ነው» ብሎ ይጽናናል። እንዲያውም የላይኛውና የታችኛው እንዲህ ሲራራቁ፣ ትልልቆቹ ደም ሥሮች እንደ ድሮው አለመለጠጣቸውን ነው የሚናገሩት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። የሽፋኑ ሴል፣ የጡንቻው ሴልና ነጩ የደም ሴል የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ 2 ሜትር ያህል ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በላዩ ላይ ፕሮቲን የሚያሠሩ 20,000 ገደማ ጂኖች አሉ። ታዲያ ትናንት ሰላማዊ የነበረው ሽፋን ዛሬ ለምን ይቆጣል? የጡንቻ ሴልስ ምን ነክቶት ነው ካልሲየም መከመር የሚጀምረው? ጂኑ አልተለወጠም። የተለወጠው የትኛው ጂን ይሠራል፣ የትኛው ዝም ይላል የሚለው ነው።

ድሬ ያደገ ሰው ይህን በሐዲድ ቢያስበው ይቀለዋል። ሐዲዱ ያው ሐዲድ ነው። ባቡሩ ወደ ጅቡቲ መስመር ይግባ ወይስ ወደ ጋራዡ የሚወስነው መገናኛው ላይ ያለው መቀያየሪያ ነው። ጂኖቻችን ሐዲዱ ናቸው፤ ኤፒጄኔቲክ ምልክቶች መቀያየሪያዎቹ። መቀያየሪያው አንዴ ከተገፋ፣ የገፋው ሰው ሄዶም ቢሆን ቀጣዩ ባቡር በዚያው ይገባል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ የጽሑፉ ፍሬ እሷ ላይ ነው።

ምልክቶቹ በእጅ የሚጨበጡ የኬሚካል ነገሮች ናቸው። በጣም የተጠናው ሜቲል ነው፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን። የጂን መነሻ ላይ ሜቲል ሲለጠፍ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። የሚለጥፉ ኢንዛይሞች አሉ፤ የሚያነሱም አሉ። ዲኤንኤው የሚጠቀለልባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖችም ምልክት ይደረግባቸዋል። አንዳንዱ ምልክት ጥቅሉን ያላላና ጂኑን ይከፍታል፤ አንዳንዱ ያጠብቀዋል። ሦስተኛው ማይክሮ አርኤንኤ ነው። ጂኑ የላከውን ትእዛዝ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ለምሳሌ ማይክሮ አርኤንኤ 33 የሚባለው ሴሉ ኮሌስትሮል ወደ ውጭ እንዳያስወጣ ይከለክላል። ማይክሮ አርኤንኤን ያገኙት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቤል ተሸልመዋል።

አሁን ሁለት ጣታችሁን ከመንጋጋችሁ ማዕዘን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አንገታችሁ ላይ አኑሩ። በቀስታ። አንዱን ጎን ብቻ ንኩ፤ አትጫኑ። የሚመታው ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር ነው። እዚያው ጣታችሁ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አንጎል፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ራስ ቅል ይሄዳል። ይህ መገንጠያ የአንገት ደም ሥር ከሌላው ክፍሉ በበለጠ የሚታመምበት ቦታ ነው። ያው ደም፣ ያው ኮሌስትሮል፣ ያው ጂን ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ቀጥተኛው ክፍል ግን ለዓመታት ደህና ሊሆን ይችላል። ለምን?

ቀጥ ባለው ቦታ ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈሳል፤ ሽፋኑን እያሻሸ ያልፋል። የሽፋኑ ሴሎች ይህን መታሸት ይወዱታል። ኬኤልኤፍ2 እና ኬኤልኤፍ4 የሚባሉ ጂኖች ይከፈቱላቸዋል፤ እነዚህ ጂኖች ብግነትን፣ ማለትም ያንን የሽፋኑን ቁጣ፣ ያበርዳሉ፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱም እንዲመረት ያግዛሉ። መገንጠያው ጋ ግን ደሙ ይሽከረከራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይዘገያል። ሴሎቹ ይህን ሲሰማቸው ሜቲል ለጣፊዎቹ ኢንዛይሞች ይበዛሉ። ኬኤልኤፍ4 መነሻው ላይ ሜቲል ተለጥፎበት ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጡ ጥናቶች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። በአይጦች ላይ ለጣፊውን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ የደም ሥሩ በሽታ ቀነሰ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይህ ነው። የደም አፈሳስ ብቻውን፣ ያለ ምንም ኬሚካልና ያለ ምንም ምግብ፣ ጂን ይዘጋል። የደም ግፊት ሲጨምር ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫናም የሴሎቹን ጠባይ የሚቀይረው በተመሳሳይ መንገድ ነው። «ግፊት አለብኝ ግን አይሰማኝም» የሚል ሰው ደም ሥሩ እየተሰማው መሆኑን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

የስኳርን ነገር ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ብዙ ቤት የሚታይ ነው። የስኳር ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይጀምራል። ከወራት በኋላ ይለካል፤ ወርዷል። «በቃ ዳንኩ» ብሎ ይተወዋል። ደግሞ ሲጨምር ይጀምራል። ሲወርድ ያቆማል። ቁጥሩን ብቻ ካየን ነገሩ ትክክል ይመስላል። ደም ሥሩ ግን የሚቆጥረው ሌላ ነው።

ሜልቦርን ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ሙከራ አሳተሙ። የደም ሥር ሽፋን ሴሎችን ወስደው ለ16 ሰዓት ብቻ ከፍተኛ ስኳር ውስጥ አቆዩአቸው። ከዚያ ወደ ጤናማው መጠን መለሷቸውና 6 ቀን ጠበቁ። ስኳሩ ከወረደ ቆይቷል። ሴሎቹ ግን አልረሱም። ብግነትን የሚያስነሳ አንድ ጂን አጠገብ ያለው ሂስቶን ላይ ምልክት ተለጥፎ ነበር፤ ጂኑም እስከ 6ኛው ቀን እንደተከፈተ ነበር። 16 ሰዓት ማለት ከዛሬ ምሳ እስከ ነገ ማለዳ ነው።

ሰው ላይስ? አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1,441 የዓይነት 1 ስኳር ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1993 ገሚሶቹ ስኳራቸውን በጥብቅ እንዲቆጣጠሩ ተደረገ፤ ገሚሶቹ በዘመኑ የተለመደውን ሕክምና ቀጠሉ። ጥናቱ ሲያልቅ ሁሉም ጥብቁን ሕክምና ተማሩ፤ የሁለቱ ወገን ስኳርም ተቀራረበ። እንግዲህ በሽታውም መቀራረብ ነበረበት። አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱ ሲታይ፣ መጀመሪያ ላይ በጥብቅ የተቆጣጠሩት ሰዎች የልብና የደም ሥር አደጋ በ42 በመቶ አንሶላቸው ነበር። ሐኪሞች ይህን «የሜታቦሊዝም ትዝታ» ይሉታል። በኋላ የእነዚሁ ሰዎች ነጭ የደም ሴሎች ሲመረመሩ የሜቲልና የሂስቶን ምልክቶቻቸው የጥንቱን የስኳር ታሪክ ይዘው ተገኝተዋል።

ይህ ሁለት ነገር ይነግረናል። ቀድሞ የጀመረ ጥቅሙ ለዓመታት ይከተለዋል። የዘገየ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ሲስተካከል ወዲያው ነፃ ወጣሁ ማለት አይችልም፤ መድኃኒቱን መቀጠል ያለበት ለዚህ ነው። ክኒን እያቆሙ የሚጀምሩትን ሰዎች ሐኪም ሲቆጣቸው በከንቱ አይደለም።

ነጭ የደም ሴሎችም ትዝታ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመን ተመራማሪዎች ለዚህ በሽታ የተጋለጡ አይጦችን ለ4 ሳምንት ስብና ስኳር የበዛበት ምግብ መገቧቸው። ከዚያ ለ4 ሳምንት ወደ ተራ ምግባቸው መለሷቸው። ደማቸው ውስጥ የነበረው ብግነት በረደ። መቅናቸው ውስጥ ያሉት፣ ነጭ የደም ሴል የሚወልዱት እናት ሴሎች ግን እንደተለወጡ ቀሩ። የሚወልዷቸው ሴሎች ትንሽ ነገር ሲነካቸው የሚገነፍሉ ሆኑ።

እዚህ ላይ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። «ምልክቱ በሽታውን አምጥቶ ነው ወይስ በሽታው ምልክቱን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የታመመ ደም ሥር ውስጥ የተለወጠ ሜቲል ማግኘት ብቻውን ጥፋተኛውን አያሳይም። አቅጣጫውን የሚያሳይ አንድ ጠንካራ ማስረጃ ግን ከራሳችን ደም ተገኝቷል። ሰው ሲያረጅ መቅኑ ውስጥ ያለ አንድ እናት ሴል ዲኤንኤው ላይ ስሕተት ሊገባበት፣ ከዚያም ከሌሎቹ በላይ ሊራባ ይችላል። 70 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ቢያንስ ከ10 አንዱ ይህ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ሁለት ጂኖች ዲኤንኤምቲ3ኤ እና ቴት2 ናቸው። አንዱ ሜቲል ይለጥፋል፣ ሌላው ያነሳል። ማለትም የተበላሹት ምልክት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት እንዲህ ያለ ደም ያላቸው ሰዎች የልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ወደ 2 እጥፍ የተጠጋ ነበር። ቴት2 የጎደላቸው የደም ሴሎች አይጥ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ደም ሥሩ ውስጥ ያለው ክምችት አደገ። ምልክቱን የሚይዘው እጅ ሲበላሽ በሽታው ይከተላል ማለት ነው።

የጡንቻ ሴሉን ረስተነው ነበር። እሱ ዘንድ የሚሆነው ነገር የበለጠ አስደናቂ ነው። ጤናማ የጡንቻ ሴል መኮማተርና መላላት ነው ሥራው። ብግነት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ሲከበው ግን የጡንቻነት ጂኖቹ ይዘጋሉ። በምትካቸው ራንክስ2 የሚባል ጂን ይከፈታል። ይህ ጂን መደበኛ ቦታው አጥንት ውስጥ ነው፤ አጥንት ሠሪ ሴሎችን የሚያዝዘው እሱ ነው። ደም ሥር ውስጥ ሲከፈት የጡንቻ ሴሉ እንደ አጥንት ሴል ካልሲየም ያስቀምጣል። የድሮ ሐኪሞች አስከሬን ሲመረምሩ ደም ሥር ውስጥ እውነተኛ አጥንት አግኝተው ተገርመዋል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ በርጫው ልምጣ። ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ስለ ደም ሥር ጽፎ በርጫን ቢዘል ለማንም አልጠቀመም። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ይቀርባል። ለውዙ አለ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳው አለ። ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራው በሲጋራ ላይ ይለኮሳል፤ አንዳንዱ ቤት ሺሻም ይጨመራል። ማታ ደግሞ ጨብሲ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የመን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችም አብዝተው የሚቅሙ ሰዎች ለሃርት አታክ የበለጠ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይተዋል። ከምልክት አንፃር ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በደንብ የተጠናው ሲጋራው ነው።

የአጫሽን ደም አይቶ ኤኤችአርአር የሚባል ጂን ላይ ባለው የሜቲል መጠን ብቻ ማጨሱን መለየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 16,000 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ሲጋራ ከ7,000 በሚበልጡ ጂኖች ላይ የሜቲል ለውጥ እንደሚተው አሳየ። ከእነዚህም ውስጥ ከልብና ከደም ሥር በሽታ ጋር የተያያዙ አሉ። ደስ የሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። ማጨስ ባቆሙ ሰዎች ላይ አብዛኛው ምልክት በ5 ዓመት ውስጥ ወደ ጤናማው ተመልሷል። ጥቂቶቹ ብቻ ከ30 ዓመት በኋላም አልለቀቁም። ጫቱን መተው የከበደው ሰው ቢያንስ በርጫው ላይ ሲጋራውን ቢተው ደም ሥሩ ይመሰክርለታል።

ማሕፀን ውስጥ የሚጻፍም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 በነበረው የብርድ ወቅት ሆላንድ በጦርነት ተከባ ተራበች። በዚያ ረሃብ የእርግዝና መጀመሪያ ላይ የነበሩ ሕፃናት ከ60 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ የዕድገት ጂን የሆነው አይጂኤፍ2 ላይ ያለው ሜቲል ረሃቡ ካልነካቸው ወንድምና እህቶቻቸው ያነሰ ነበር። የልብ ሕመምም በዝቶባቸው ነበር። 77ን ያየች አገር ይህን ስታነብ ቆም ማለት አለባት። እርጉዝ ሴት ስትመገብ የምትመግበው የልጇን የ60 ዓመት ደም ሥር ጭምር ነው።

«ታዲያ ምልክቱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም?» ትሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል። አፓቤታሎን የተባለ፣ የሂስቶን ምልክት የሚያነቡ ፕሮቲኖችን የሚያግድ ክኒን ለ2,425 ሕመምተኞች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ወጣ፤ የልብ አደጋን በበቂ ማስረጃ መቀነስ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች የአይጥ ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚያስጨምረውን ፒሲኤስኬ9 የሚባል ጂን፣ ዲኤንኤውን ሳይቆርጡ፣ በአንድ መርፌ ምልክት ለጥፈው ዘጉት። ፕሮቲኑ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ለአንድ ዓመት ያህል ቆየ። ተስፋ ነው፤ ፋርማሲ ግን አልደረሰም።

ስለዚህ «ጂን ያስተካክላል» ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጥ እንክብል ካያችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ፎሊክ አሲድም ቢሆን፣ ለሜቲል ጥሬ ዕቃ አቀባይ ነውና ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከቢ12 ጋር በትልልቅ ጥናቶች ሲሞከር ሃርት አታክን አልቀነሰም። ቻይና ውስጥ ግን ሕዝቡ የፎሌት እጥረት ባለበት አካባቢ ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ስትሮክ በ21 በመቶ ቀንሷል። ለጎደለው ሰው ይጠቅማል፤ ላልጎደለው ትርፍ ነው። ጎመንና ምስር ለምትበሉ ደግሞ እዚያው ውስጥ አለላችሁ።

«የዘር ነው» የሚባልበት ቤት ውስጥ ያላችሁ ልጆች እንግዲህ ከሌላው ሰው ቀድማችሁ መለካት አለባችሁ። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመቷ በፊት በልብ ደም ሥር ከታመሙ ሐኪም ይህን ከባድ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሳትጠየቁ ንገሩት። ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል፣ ሦስቱንም አሠሩ። የኮሌስትሮሉ ወረቀት ሲመጣ ጠቅላላውን ብቻ አትዩ፤ ኤልዲኤል የሚለውን ፈልጉ። ቤት ውስጥ የሚረጋ ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ኤልዲኤልን ከሚያስጨምሩት አንዱ እሱ ነው። ላቦራቶሪው «ጹሙ» ካላችሁ እራታችሁን በጊዜ ብሉና ጠዋት ቁርስም ሻይም ሳትቀምሱ ሂዱ። ውሃ መጠጣት ይቻላል።